ሴቷ ዝግባ

ልጅ ሳለሁ ዛፍን የማውቀው ተጋድሞ ነበር። አባቴ ጭሮ ላይ፣ ወደ ሐረር ከሚወስደው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ፣ ጣውላ ይሸጥ ስለነበር ፊደል ሳልቆጥር ጣውላውን ከሞራሌው፣ አጣናውን ከማገሩ ለይቼ እጠራ ነበር። ዝግባ ማለት ለእኔ ቢጫ ቢጤ፣ ልሙጥና ውድ ጣውላ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ሊሆን ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም።

አመሻሹ ላይ ሱቁ ሲዘጋ አው ዩሱፍ ይመጣሉ። በእኛ አገር አው የሚባለው የተከበረ ሽማግሌ ነው። በጉልምስናቸው ትልቁን መጋዝ ከጓደኛቸው ጋር አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆነው እየሳቡ ግንድ ሲሰነጥቁ ኖረዋል፤ ያኔ ግን ጉልበታቸውም ዓይናቸውም ደክሞ፣ የቀራቸው ምክርና ተረት ነበር። ምክሩ የአባቴ፣ ተረቱ የእኔና የታናሽ ወንድሜ ድርሻ ሲሆን፣ አባቴ ድርሻውን ብዙም አይፈልገውም ነበር።

ሰጋቱራ በጣሳ ጠቅጥቀን፣ መሐሉን በዱላ ሸንቁረን እናነድላቸዋለን። የሰጋቱራ እሳት ነበልባል አያወጣም፤ ውስጥ ውስጡን ይነዳል፣ ጭሱ ዓይን ያስለቅሳል፣ እኛም በፋኖሱ ብርሃን ዓይናችንን እያሸን እንሰማለን። አው ዩሱፍ ዝግባን በኦሮምኛ ስሙ ቢርቢርሳ ይሉታል። ወንድና ሴት አለው፣ የምታፈራው ሴቷ ናት ይሉናል። በተረታቸው ሁለቱ ባልና ሚስት ሆነው ተራራ ላይ ይኖራሉ፤ መጥረቢያ የያዘ ሰው በመጣ ቁጥር ባልየው ቀድሞ «አቤት፣ እኔ ነኝ» ይላል፣ ሚስቲቱም ተርፋ ልጆች ታሳድጋለች። እኛ በባልየው ጀግንነት እንደመም ነበር እንጂ፣ ነገሩ የድሮ ሰንጣቂዎች ወግ መሆኑ አልገባንም። እነሱ ፍሬው እስኪበስል ጠብቀው ያላፈራውን ይቆርጣሉ፣ ያፈራችውን ያልፏታል።

መንግሥት በተለወጠ ማግስት፣ ሰው ሁሉ ቤት በሚሠራበት ጊዜ፣ አባቴ ሂርና ከተማ ለሚሠራ የሠርግ አዳራሽ የኮርኒስ ጣውላ ሊያቀርብ ተዋዋለ። ከከተማችን በላይ፣ አንድ ገበሬ ማሳ ዳር የቆመ ዝግባም ገዛ። አው ዩሱፍ ይህን ሲሰሙ ተረታቸውን አቋረጡ። በዚያ ዳገት ከቀሩት ጥቂት ዝግባዎች ሴቷ አንዲት ብቻ እንደሆነች ያውቃሉ፤ የትኛዋ እንደሆነች ግን ወጥተው ሊያሳዩ አይችሉም። እሷ ከተቆረጠች የዳገቱ ዘር እዚያ ላይ ያበቃል።

«ፍሬ እስኪይዝ ጠብቅ፣ ልጄ» አሉት።

«አው ዩሱፍ፣ እርስዎ ያሉት ወቅት እስኪደርስ ሥራውን ሌላ ሰው ይወስደዋል። ደግሞ ቀና ብዬ አይቻለሁ፤ አንድ ፍሬ የለበትም።»

«አሁንማ በየትኛው ላይ አለና?»

አባቴ ሳቅ አለ። ብዙም ሳይቆይ አይሱዙው ግንዱን ጭኖ መጣ። አባቴ ያን ቀን ደስ ብሎት ነበር፤ ለእኔም ከኪሱ ጠጣር፣ ድቡልቡል ፍሬዎች አውጥቶ «ከሥሩ ለቀምኩልሽ፣ ብይ ይሆንሻል» አለኝ።

ማታ እሳቱ ዳር ስጫወት አንዱ ተንከባሎ አው ዩሱፍ እግር ሥር ቆመ። አነሱት፣ በጣታቸው አገላበጡት፣ በጥርሳቸው ነከስ አደረጉት።

«ይህን ከየት አመጣሽ፣ ኢንተላ ኮ?» ልጄ ማለታቸው ነው።

«አባዬ ከዛፉ ሥር ለቅሞልኝ ነው።»

አባቴ ከሚያስተካክለው ጣውላ ቀና አለ። አው ዩሱፍ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር።

«ወደ ላይ ብቻ አላየህም ለካ፣ ልጄ» አሉት። «ጎንበስም ብለህ አይተሃል።»

ወንድሜ ያን ጊዜ የተቋረጠውን ተረት ይጨርሱልን ብሎ ቢለምናቸው «አለቀ» አሉት። ከዚያ ፍሬዎቹን ሁሉ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው፤ በጣምም አዘንኩ፤ ያዘንኩት ግን ለዛፏ ሳይሆን ለብዮቼ ነበር። አባቴ ፋኖሱን ይዞ በጉልበቱ ተንበረከከና ጣውላ ክምር ሥር የገቡትን እየፈለገ አወጣ። አፈር በሞላንባቸው ጣሳዎች ተከልናቸው፤ አባቴ ራሱ ከሱቁ በፊት እነሱን ውኃ ያጠጣ ነበር። ብዙዎቹን ነቀዝ በልቷቸው ኖሮ፣ ከቀሩትም አንድም አልበቀለም። ኋላ የተፈጥሮ ደን እንጨት ሲከለከል አባቴ ባሕር ዛፍ ብቻ መሸጥ ጀመረ፤ ለሕጉ ብሎ ይሁን ለአው ዩሱፍ፣ ነግሮን አያውቅም።

አዳራሹ ዛሬም አለ። ሠርግ ስጠራ ሰው ሙሽራዋን ያያል፣ እኔ ኮርኒሱን አያለሁ። ባለፈው ልጄ ምን እንደማይ ጠየቀችኝና ዝግባ ነው አልኳት፤ ዝግባ የሚባል ዛፍ አይታ አታውቅም። ውፍረቱን፣ ጥላ ሥር እንዴት እንደሚደርቅ፣ ሚስማር እንዴት እንደሚቀበል ልነግራት እችል ነበር። እሷ የጠየቀችኝ ቅጠሉ ምን እንደሚመስል ነው።

አላየሁትም አልኳት።