ማክሰኞ የመጣ ቢጫ አበባ

እትዬ ሳምሩዋይ ያን ማክሰኞ ጠዋት የሰኞን ቢጫ አበባ ለሰው ሁሉ በስልክ የላኩት ተሳስተው ነው ወይስ ሆን ብለው? ጎረቤታቸው ነኝ፤ ቤታችንን የሚለየው አንድ ረድፍ ሙዝ ነው። ቢሆንም መልሱን እስከ ዛሬ አላውቅም።

መሳሳት የሚያውቁ ሰው አልነበሩም። እዚሁ ከተማችን ፒቺት፣ ሩዝ ወፍጮ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሚዛን ላይ ሠርተዋል። አንድ ገበሬ እርጥቡን ሩዝ ከደረቁ ሥር ደብቆ ሲያመጣ ጆንያውን ሳይፈቱ በጣታቸው ነካ አድርገው፣ "ይሄ ወንድሜ፣ ዝናብ ጠጥቶ ነው የመጣው፤ ስካሩ በረድ ሲልለት መልሰህ አምጣው" የሚሉ ሴት ነበሩ።

ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ልጃቸው ዊቺት ከባንኮክ ስልክ ገዝቶ አመጣላቸው። "እማዬ፣ ከእንግዲህ ብቻሽን አይደለሽም" አላቸው። ከዚያ በፊት በየወሩ ይመጣ ነበር። ስልኩ ከተገዛ ወዲህ መምጣት አላስፈለገውም።

እትዬ ሳምሩዋይም እንደ እኩዮቻቸው ሁሉ በየማለዳው የዕለቱን የአበባ ሥዕል መላክ ጀመሩ። በአገራችን እያንዳንዱ ቀን የራሱ ቀለም አለው፤ ሰኞ ቢጫ፣ ማክሰኞ ሮዝ፣ ረቡዕ አረንጓዴ፣ እንዲህ እያለ ሳምንቱ ይዞራል፤ ከአበባው ሥር "መልካም ሰኞ፣ ጤና ይስጥልን" ይላል። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መብራታቸው ይበራል። እኔ መጽሐፌን ከድኜ ልተኛ ስል እሳቸው ሥራ ይገባሉ። ለስድሳ ሦስት ሰው ይልካሉ። ዊቺት የሚያጨበጭብ የድብ ሥዕል ይመልሳል፤ ቾንቡሪ ያለችው ልጃቸው ራትሪ ደግሞ ቀይ ልብ። አበባው ከመጣ እናት ደህና ናት ማለት ነው፤ ደህና ከሆነች መደወል ምን ያደርጋል?

አንድ ቀን በሙዙ መካከል ጠሩኝ። "ና እስቲ አንተ ጉጉት። ሥዕሉ ላይ የራሴን ቃል መጻፍ ይቻላል?"

አሳየኋቸው። ሳምንት ሳይሞላ ከእኔ በለጡ። በሚቀጥለው ሰኞ ከቢጫው አበባ ሥር "መልካም ሰኞ። የቤቱ ጣሪያ ያፈሳል" ብለው ላኩ። ድቡ አጨበጨበ። አርብ ከሰማያዊው ሥር፣ "መልካም አርብ። ከደረጃ ወድቄ ጉልበቴ አብጧል።" ራትሪ ልቡን ላከችና "ለአንቺም እንዲሁ፣ እማዬ" ብላ ጨመረችበት።

"ለአንቺም እንዲሁ አለችኝ" አሉ እትዬ ሳምሩዋይ፣ ጉልበታቸውን በቅባት እያሹ። "ልጄ ምርቃት አትነፍግም።"

"ለምን ደውለው አይነግሯቸውም?"

"ለዊቺት ደወልኩለት። ስብሰባ ላይ ነኝ አለኝ። ድቡ ግን ሥራ ፈት ነው፤ ሁልጊዜ ይመጣል።"

የዝናቡ ወራት እስኪያልፍ እንዲህ ጻፉ። "ድመቴ ሞተች" ብለው ላኩ፤ ድቡ አጨበጨበ።

በኋላ ያ ማክሰኞ መጣ። አበባው ቢጫ፣ ጽሑፉ "መልካም ሰኞ። ደህና ነኝ" ብቻ። ከስንት ጊዜ በኋላ አቤቱታ የሌለበት የመጀመሪያው ነበር። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ የቤተሰቡ የስልክ ግሩፕ ጋለ።

"ዛሬ ማክሰኞ አይደል እንዴ?" ሲል ዊቺት ጻፈ።

"ቢጫ ላከች። እኔ እኮ ደነገጥኩ" አለች ራትሪ።

"የባለቤቴን እናት እንዲህ ነው የጀመራት" አለ አንድ የአጎታቸው ልጅ። "መጀመሪያ ቀን ጠፋባት፤ ኋላ እኔን ፖስተኛ ነህ አለችኝ።"

"እንግዲህ ብቻዋን መኖር የለባትም" አለ ዊቺት። "እኔ ጋ ትምጣ። አሥራ አራተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰር አለ። ቤቱን እንሸጠዋለን።"

"ማን ይነግራታል?"

"ቀስ ብለን። ለጊዜው እንዳታውቅ።"

እትዬ ሳምሩዋይ የዚያው ግሩፕ አባል መሆናቸውን ያስታወሰ የለም። እያንዳንዷን ቃል አነበቡ። ሲጨርሱ የሚያጨበጭብ ድብ ላኩ፤ ከዚያ በሙዙ መካከል ጠርተው ለእኔም አሳዩኝ።

"ሆን ብለው ነው አይደል?" አልኳቸው።

"አንተ ሌሊቱን መጽሐፍ ስለምታገላብጥ ሰው ሁሉ ተንኮል የሚሸርብ ይመስልሃል።" ስልኩን ጭናቸው ላይ ጣል አደረጉት። "ይልቅ ቤቴን ሊሸጡብኝ ነው። የተወለድኩት እዚህ ወለል ላይ ነው። አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ማንን በስሙ ልጠራ ነው?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ መብራታቸው ሲጠፋ አላየሁም። ረቡዕ አረንጓዴውን፣ ሐሙስ ብርቱካናማውን በትክክል ላኩ። ይህም አልጠቀማቸውም። "ሄድ መጣ ይላታል፤ በሽታው እንዲህ ነው" ተባለ።

ቅዳሜ ሁለቱም ልጆች መጡ፤ ባንድ ቀን ሲመጡ ከአባታቸው ለቅሶ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው። ዊቺት የሽያጭ ወረቀት በቦርሳው ይዟል። እትዬ ሳምሩዋይ እኔንም ለምሳ ጠርተውኝ ነበር። የተጠበሰ ዓሣና በርበሬ የተወቀጠበት ማባያ ቀርቧል። ልጆቹ እናታቸው ፊት ተቀምጠው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ስለ እናታቸው በግሩፑ ይጻጻፋሉ። አንዱ በላከ ቁጥር የእናትየው ስልክ ጭናቸው ላይ ይጮኻል።

በመጨረሻ ዊቺት ድምፁን እንደ ሐኪም ዝቅ አድርጎ፣ "እማዬ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?" አለ።

"ቅዳሜ። ሐምራዊ። አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅህ። ባለፈው ወር ቢጫው ላይ ምን ብዬ ጻፍኩ?"

"የቱ ቢጫ?"

"አራት ሰኞ ነበር። ደስ ያለህን ምረጥ።"

ዊቺት እህቱን አያት። "ያው... መልካም ሰኞ ነዋ።"

"ራትሪ፣ አንቺስ?"

"ጤና ይስጥልን?"

"እስቲ አንብቡት" አሉ፤ ከዓሣው አጥንት መልቀም ቀጠሉ።

ልጆቹ ወደ ኋላ ማንበብ ጀመሩ። ራትሪ አንድ ቦታ ላይ ቆመች። "ለአንቺም እንዲሁ" ብላ የራሷን ቃል በዝግታ አነበበች። ከዚያ ተነሥታ የእናቷን ቀሚስ ገለጥ አድርጋ ጉልበታቸውን አየች። አሁንም አብጧል። ዊቺት ቀና ብሎ ጣሪያውን፣ ከዚያ ከሥሩ ያለውን ባልዲ አየ። ሲገባ በእግሩ መትቶት ነበር ያለፈው።

"ታዲያ ማክሰኞ..." ብሎ ጀመረ።

"ማክሰኞን ተወው። ቤቱን ነው የምትሸጠው ወይስ ጣሪያውን ነው የምትጠግነው?"

ወረቀቱ ከቦርሳው ሳይወጣ ቀረ። ዊቺት ከእኛ ቤት መሰላልና መዶሻ ተውሶ ወጣ። ሁለት ምስማር እንደመታ ራሱን ፎቶ አንሥቶ፣ "የእናቴን ጣሪያ በመጠገን ላይ" ብሎ ለቤተሰቡ ላከ። ከስድስት ደቂቃ በኋላ አርባ ድብ አጨበጨበለት።

"ስልኩን ተውና ምታ፤ ምስማሩ ተጣሟል" አለች ራትሪ ከታች።

"አንቺ ዓሣውን ብቻሽን ከምትጨርሺው ቆርቆሮውን አቀብዪኝ" አለ ከላይ።

እነዚህ ሁለቱ በአፋቸው ሲነታረኩ ከሰማሁ ዓመታት አልፈዋል። እትዬ ሳምሩዋይ ምንጣፉ ላይ ጋደም አሉ። ጠጋ ብዬ፣ "ቢጫው ስሕተት ነበር?" አልኳቸው። ስልካቸውን በፊቱ ደፍተው ዓይናቸውን ከደኑ። መዶሻው ከላያቸው እየጮኸ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው።