የማይጾመው ብልቃጥ

ዘግይቼ ነው የተማርሁት። ከላፍቶ በታች ባለ አንድ የቆዳ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ስቀጠር፣ አብረውኝ ከተማሩት ልጆች በዕድሜ ብዙ እበልጥ ነበር። ላቦራቶሪ መባሉ ለክብሩ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ሚዛንና ወደ ፉሪ ሜዳ የሚያይ መስኮት ብቻ ነበረው። ሥራዬ ቆዳው የሚነከርበትን የጨው ውሃ ጥንካሬ መለካት ነበር። ውሃው ከቀጠነ ቆዳው ይሸታል።

ከውጭ አገር የመጣው የመስታወት መለኪያ የተሰበረው በሁዳዴ መግቢያ ነው። እስኪተካ ድረስ፣ የጨዉን ልክ በምላሳቸው የሚያውቁ አንድ አዛውንት ሠራተኛ ይቀምሱልኝ ጀመር። ይመጣሉ፣ ቀምሰው ይተፋሉ፣ ከዚያ ተቀምጠው ያወራሉ። ቀኑን ሙሉ ሌላ የሚያናግረኝ አልነበረም፤ ንፋስ ስልክ በተከራየኋት ክፍልም የሚጠብቀኝ ሰው የለም። ችግሩ፣ ጾም ነውና ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ አይቀምሱም።

ፎርማኑ ይቆጣል። «ታዲያ ቆዳውም አብሮዎት ይጹም?»

«ቢጾም ምን አለበት? ከአንተ ይሻላል።»

«ይተፉት የለም እንዴ!»

«አፌ ከገባ ገባ ነው፣ ልጄ።»

አንድ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ስንጠብቅ ውሃው ቀጥኖ ኖሮ አንድ ቁልል ቆዳ ተበላሸ። ፎርማኑ ወደ እኔ ዞረ። «እስከ ፋሲካ መለኪያ ካልተገኘ ይህን ክፍል የጨው መጋዘን አደርገዋለሁ። አንቺም የቆዳው ፀጉር ወደሚላጭበት ትወርጃለሽ።»

ያን ሁሉ ዓመት በኩራዝ ያጠናሁት ለዚያ አልነበረም።

ረዘም ያለ ቀጭን የመድኃኒት ብልቃጥ አገኘሁ። ቀጥ ብሎ እንዲንሳፈፍ ከሥሩ ትንሽ የእርሳስ ብረት ጨምሬ አፉን በሰም ደፈንሁት። ጨው በበዛ ቁጥር ብልቃጡ ከውሃው ከፍ ይላል። ጨው እየመዘንሁ በዝናብ ውሃ አሟሙቼ፣ ውሃው የሚደርስበትን ቦታ በሞረድ ጫርሁ። ያንኑ መጠን ብደግመው ብልቃጡ በሌላ ከፍታ ቆመ። ለካ የበልጉ ዝናብ መጋዘኑን አርሶት፣ ጨው ብዬ ከመዘንሁት ከፊሉ ውሃ ነበር! ጨዉን በብረት ምጣድ አመስሁት፤ ሲቀዘቅዝ እንደገና መዘንሁ። የተጫረውን ብልቃጥ ጣልሁና በሌላ ጀመርሁ። ጥንካሬው በተለያየ ሦስት ዓይነት የጨው ውሃ ላይ ደጋግሜ ሳላየው አላመንሁትም።

በሰሙነ ሕማማት አዛውንቱ በሰዓታቸው መጥተው ቀመሱ። እሳቸውና ብልቃጡ ተስማሙ።

«ይቺስ ትጾማለች?» አሉኝ።

«አትጾምም፣ አባባ። ጠዋትም ትሠራለች።»

«ጉድ ነው! መናፍቅ ሠርተሻላ!» ብለው ከልባቸው ሳቁ።

ከፋሲካ በኋላ ፎርማኑ አዛውንቱን ቆዳ ወደሚደረደርበት ግቢ መለሳቸው፤ እኔ ጋ የሚያስመጣቸው ሥራ አልነበረም። ክፍሉ ቀረልኝ። ጠዋት ጠዋት ብልቃጡን ውሃው ላይ አኖራለሁ፣ ጎንበስ ብዬ አነባለሁ፣ ልኩን እናገራለሁ። ፎርማኑ «እሺ» ብሎ ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ ሠራተኞቹ አዛውንቱን ከብበው ሲስቁ በመስኮቱ ይሰማኛል። ሳቁ እኔ ዘንድ ይደርሳል፤ ምን ብለው እንዳሳቋቸው ግን አይሰማኝም።