ዘንበል ያለው ቀርከሃ

የኖርሁት የቀርከሃ ቀፎ እየሠራሁ ነው። ማንበብ የተማርሁት ዘግይቼ፣ ከልጆቼ መጻሕፍት ነው። ስለዚህ ዕውቀትን አከብራለሁ፤ ሳያውቁ አውቃለሁ ማለትን ግን አልወድም። ልጆቼንም በዚሁ ጠበቅ አድርጌ አሳደግኋቸው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ደብረ ማርቆስ ባዮሎጂ የምታጠናው ልጄ መጣች። ሰኞ በአስተማሪዎቿ ፊት ስለ አንድ ፕሮቲን ማስረዳት ነበረባት፤ መመረቋም በዚያ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። የፕሮቲኑን ቅርጽ በቀርከሃ እንድሠራላት ለመነችኝ።

የማላውቀውን አልሠራም አልኋት። ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። አንዳንድ ባክቴሪያ ከውጭ የስብ ሽፋን አለው፤ በውኃ የሚሟሟ ምግብ ስቡን ጥሶ አይገባም። ስለዚህ ሽፋኑ ላይ በር ተተክሏል፤ ፕሮቲኑ ያ በር ነው። በሩ አሥራ ስድስት ዘንግ ጎን ለጎን ተያይዞ፣ የመጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር ገጥሞ የተጠቀለለ በርሜል ነው። ውጭው ከስቡ ይስማማል፤ ውስጡ ውኃ ያሳልፋል።

«ወለል ብሎ ከተከፈተማ ሌባም ይገባል» አልኋት።

«ከዘንጎቹ ማያያዣ አንዱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ያጠበዋል፣ አባየ። ትንሽ ትንሹ ብቻ ያልፋል። መድኃኒትም ብዙ ጊዜ በዚያው ነው የሚገባ፤ እሱን ለመሸሽ በሮቹን የሚቀንስ ባክቴሪያም አለ።»

ይህ ገባኝ። የቀፎን በርም የምንበሳው ንብ እንዲገባ እንጂ አይጥ እንዲገባ አይደለም። አሥራ ስድስት ስንጥቅ ፈለጥሁ፤ እንደ ቀፎ ቀጥ አድርጌ ደረደርሁ፣ አሰርሁ፣ ጠቀለልሁ። ከውስጥ ለማጥበቅ ጭብጤን ብሰድ አልገባም። ውጩን ሰም ቀባሁት፤ አንድ ስስ ስንጥቅም ወደ ውስጥ አጠፍሁበት። «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ተቀበለችኝ።

እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ደብተሯ ተከፍቶ አየሁ። በፕሮቲኑ ሥዕል ላይ ዘንጎቹ ሁሉ ዘንበል ብለዋል።

«ስሠራ አጠገቤ ነበርሽ። ለምን ዝም አልሽ?»

መሬት መሬት እያየች፣ «እርስዎ ጠማማ ቀፎ የሰነፍ ነው ሲሉ እየሰማሁ ነው ያደግሁት» አለችኝ።

እኔ በሰንበት ቢላዋ አላነሣም፤ እሷ ደግሞ ሰኞ በማለዳ ተሳፋሪ ናት። ስሕተቱ የአባቴ ነው ብለሽ ፊት ለፊት ተናገሪ፣ እንዳትደብቂ አልኋት። ስለ እውነት የማስተምራት መስሎኝ ነበር። እውነቱን ከአፏ ያስቀረሁት ግን እኔው ነበርሁ።

ሰኞ ከሰዓት ስልክ ደወለች። እንዳልኋት ብትናገር፣ አንዱ አስተማሪ ዘንበል ማለቱ ምን ይለውጣል ብሎ ጠየቃት። ዘንግ ሳይጨመር በርሜሉ ይሰፋል ብላ መለሰች። አልፋለች።

ነገሩን ሳላይ አላመንሁም። ማክሰኞ በዚያው ስፋት አሥራ ስድስት ስንጥቅ ፈለጥሁና ዘንበል አድርጌ ጠቀለልኋቸው። ጭብጤ እስከ አንጓዬ ገባ።

ደወልሁላትና ልክ ነበርሽ አልኋት። ይህን ከእኔ ሰምታ አታውቅም። «እንግዲያ ቀፎውንም ሊያጣምሙት ነው?» አለችኝ።

ሳትፈራ ስትቀልድብኝ የመጀመሪያዋ ነበር።