ለማርቆስ የሰጠሁት ክኒን

ይህ የሆነው ከሰባት ዓመት በፊት፣ ጂንካ አቅራቢያ ካኮ በምትባል ትንሽ ከተማ አስተማሪ ሳለሁ ነው። እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አሁንም የምጽፈው ስለከበደኝ ነው።

ማርቆስ የሂሳብ መምህር ነበር፤ የዚያው አካባቢ ሰው፣ አሪ ነው። ከሚስቱ ከአስቴርና ከሁለት ሴት ልጆቹ ጋር እኔ ከተከራየሁበት ቤት አጠገብ ይኖር ነበር። ከጂንካ ተመድቤ ስሄድ ማንንም አላውቅም። የመጀመሪያውን ሳምንት ያበሉኝ እነሱ ናቸው።

መጋቢት ላይ አንድ የታች መንጋጋ ጥርሱ ያመው ጀመር። ጉንጩን በእጁ ደግፎ ሲያስተምር ሳየው አሳዘነኝ። ለራሴ ጥርስ ታዞልኝ ያልጨረስኩት አሞክሳሲሊን ነበረኝና ሰጠሁት። በሦስተኛው ቀን ተሻለው።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ሕመሙ ተመልሶ መጣ።

«ገኒ፣ ጂንካ ሄጄ ላስነቅለው» አለኝ።

ፈተና የምናዘጋጅበት ሰሞን ነበር። እሱ ከሄደ ሥራው እኔ ላይ ሊወድቅ ነው።

«ባለፈው በክኒን ድነህ የለ? ፈተናው ይለቅና ትሄዳለህ» አልኩት። ክኒኑንም ራሴ ገዛሁለት።

በዚህኛው ጊዜ ሕመሙ ጭራሽ ጠፋ። የበቆሎ እሸት በዚያው በኩል እያኘከ «ዶክተሬ!» እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በጠዋት አስቴር በሬን መታች። «ነይ እስቲ እዪው፤ አንገቱ አብጧል።»

ስገባ አገጩ ሥር አብጦ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ምላሱ ወደ ላይ ተነሥቷል። ምራቁን መዋጥ አቅቶት በፎጣ ይጠርጋል። የገበያ ቀን ስለነበር መኪና አላጣንም፤ ሦስታችን አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ተጠጋግተን ጂንካ ገባን።

ሐኪም ቤት ያየችው የጥርስ ባለሙያ ወጣት ሴት ነች። አስቴር ካርድ ልታወጣ ወጥታለች። ባለሙያዋ አፉን በባትሪ አይታ ስለ ጥርሱ ጠየቀችኝ። ክኒን ወስዶ ሕመሙ እንደጠፋለት ስነግራት ራሷን ነቀነቀች።

«የጠፋው ነርቩ ስለሞተ ነው እንጂ ድኖ አይደለም» አለች። «ጀሪካን ውኃ ሲቆይበት ውስጡን የሚያዳልጥ ነገር ይይዘው የለ? በውኃ ብታለቀልቂው አይለቅም፤ መፈተግ አለበት። ጀርሞችም የጥርስ ሥር ውስጥ እንደዚያ ተደራርበው ይጣበቃሉ። ክኒን የሚሄደው በደም ነው፤ የሞተ ጥርስ ውስጥ ደግሞ ደም አይገባም። ወይ ተከፍቶ መጠረግ፣ ወይ መነቀል ነበረበት፤ እዚያ የከረመው ነው አሁን ወደ አንገቱ የወረደው። ማነው በክኒን ያቆየው?»

«ራሱ ነው» አልኩ።

ማርቆስ አልጋው ላይ ተደግፎ ተቀምጧል። ሰምቶኛል። መናገር አይችልም። አየኝና ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ አዎ፣ ራሴ ነኝ እንደማለት።

መርፌ ወጉት፤ ግሉኮስ ሰቀሉለት። አንገቱ በቀዶ ሕክምና መከፈት አለበት ተብሎ ወደ አርባ ምንጭ ተላከ። አምቡላንሱ ተመልሶ በካኮ በኩል ነበር የሚያልፈው። ቤታቸው አካባቢ ስንደርስ ማርቆስ በእጁ መስኮቱን ደጋግሞ መታ። ልጆቹን ማየት ፈልጎ ነው። አስቴር ለመነች። አብሮን ያለው ነርስ «እህቴ፣ ትንፋሹን እያየሽው ነው፤ መቆም አንችልም» አላት። አልቆምንም።

ወይጦን እንዳለፍን ትንፋሹ ይቆራረጥ ጀመር። ነርሱ የቻለውን ሁሉ አደረገ። ኮንሶ ሳንደርስ ማርቆስ ሞተ። አስቴር አልጮኸችም። ፊቱን በፎጣው ትጠርገው ነበር።

ለቅሶው ላይ ከሴቶቹ መሃል ተነሥታ መጥታ አቀፈችኝ። «አንቺ ነሽ መድኃኒት እየሰጠሽ እስከዛሬ ያቆየሽልኝ» አለችኝ፤ ሰው ሁሉ እየሰማ። እኔም መልሼ አቀፍኳት። እንዲያውም አንዲት ሴት ስትመርቀኝ «አሜን» ብያለሁ።

በዓመቱ ወደ ጂንካ ተዛወርኩ። ቀጠሮ ሲኖራት አስቴር ወደዚህ ስትመጣ ዛሬም እኔ ቤት ነው የምታርፈው። ታላቋ ልጅ አባቷን ትመስላለች። ብዙ ጊዜ ለአስቴር ልነግራት አፌን ከፍቼ ስለ ሌላ ነገር አውርቻለሁ። ሰዎች አላወቅሽም ነበር ይሉኝ ይሆናል። ክኒኑን ስሰጠው በእርግጥ አላወቅሁም። «ራሱ ነው» ስል ግን አውቅ ነበር። እንቅልፍ የነሳኝ ያ ነው፤ እሱም እየሰማ አዎ ብሎ ውሸቴን መሸፈኑ።