ሳጥን ውስጥ የጮኸው ስልክ

እናቴ፣ እህቴ የሻለም፣ ጎረቤታችን እማማ ጥሩ እና እኔ። በዚያ ቅዳሜ ፍኖተ ሰላም ቤታችን የነበርነው አራታችን ብቻ ነን። ዛሬ ቡሬ ላይ ለትንሿ ቢሯችን ገመድ አልባ ስልክ ስመርጥ፣ ባለሱቁ ከሞከራቸው አንዱ ልክ እንደ ድሮው የቤታችን ስልክ ጮኸና ወደዚያ ቀን መለሰኝ።

ስልኩን አባቴ ያስገባው ታላቅ ወንድሜ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ በወረደበት ዓመት ነው። መቀመጫው ጠረጴዛ ላይ ይውላል፤ የምንነጋገርበትን እጀታ ግን አባቴ ከቤት ሲወጣ ሳጥን ውስጥ ይቆልፍበታል። «ገመድ የሌለው ጥጃ የሰው ማሳ ይገባል» ይላል። ስለ ስልኩ ብቻ የሚያወራ ይመስለኝ ነበር።

የዚያን ቅዳሜ ረፋዱ ላይ እጀታው ሳጥኑ ውስጥ ጮኸ። ቁልፉ ገበያ በሄደው አባቴ ኪስ ነበር።

«ስበሪው እንጂ!» አሉ እማማ ጥሩ።

«የአባወራ ሳጥን ይሰበራል እንዴ፣ እማማ?» አለች እናቴ። ተንበርክካ አፏን ወደ እንጨቱ አስጠጋች። «አለሁ ልጄ፣ አለሁ። አትዝጋው።»

ጩኸቱ ቆመ። ወንድሜ ይሁን ሌላ ሰው አላወቅንም። ከዚያ ወዲህ ከመተማ የደወለልን የለም።

ዛሬ ባለሱቁን፣ «እጀታው ባይኖር በመቀመጫው መነጋገር ይቻላል?» አልኩት።

«እጀታው የት ይሄዳል ብለህ ነው፣ ወንድሜ?» ብሎ ሳቀ። በመቀመጫውም መነጋገር የሚቻልበትን ገዛሁ።

እኔ ያን ቅዳሜ ሰባት ጊዜ ሲጮኽ ቆጥሬያለሁ። የሻለም፣ እማማ ጥሩ፣ እናንተስ ስንት ሰማችሁ? እናቴን ለመጠየቅ አልደፈርኩም።