የኦቦ ገመቹን ጤፍ ማን ከመረው?

ዛሬ ከአምቦ እስከ ሸነን ድረስ የኦቦ ገመቹን ጤፍ ሳይዘንብ ልንከምርላቸው የሄድነው የወንጌላውያን የቤት ኅብረት አባላት፣ አንድ ነዶ ሳናነሳ ምሳ በልተን ተመለስን።

ሰውዬው ወገባቸውን ያማቸዋል። የታጨደው ጤፍ ማሳ ላይ ነው፤ ሰማዩ ጠቁሯል። እኛ ግን መንፈሳውያን ነን እኮ! ቤት ገብተን መጀመሪያ ጸለይን። ከዚያ «ፍቅር በሥራ ሲገለጥ» በሚል ርዕስ ተወያየን። አንዷ እህትማ አለቀሰች።

የመከሩ ጌታ ሠራተኞች እንዲልክም አጥብቀን ለመንን።

ላከ። ስንወጣ ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻቸው በደቦ ከምረው ጨርሰዋል።

ኦቦ ገመቹ ጨዋ ናቸው፤ «ገለቶማ ልጆቼ፣ ደክማችኋል፣ መጀመሪያ እናንተ ብሉ» አሉን።

እጃችንን ያስታጠቡንም እነዚያው ጎረቤቶች ናቸው።

እናንተ ጋስ ስለ ፍቅር ሲወያይ ሥራው ያለቀበት ኅብረት አለ? ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አልፈር።