ለሁለት ቤት አንድ አምፖል

ባለፈው ሳምንት የቢሮዬን መሳቢያ ሳጸዳ፣ ከድሮው የስኬል ማስመሪያዬ ማቀፊያ ውስጥ አንዲት ቀጭን የሳሙና ስባሪ ወደቀች። ዳርና ዳሯ እንደ ቢላ የሳሳ፣ መሀሏ ላይ የአውራ ጣት ጉድጓድ ያላት፣ ስንት ዓመት ከእርሳስና ከላጲስ ጋር የኖረች ስባሪ ናት። አንስቼ አሸተትኳት። የልብስ ሳሙና ሽታዋ አሁንም አለ፤ ከሥሩ ደግሞ በካውያ የተተኮሰ ጨርቅ የሚመስል ነገር ይሸታል። ጸሐፊያችን "ልጣልልሽ?" ብላ እጇን ስትዘረጋ ሳላስበው ጮህኩባት። እሷ ደንግጣ ወጣች፣ እኔም ሥራዬን ትቼ ተቀመጥኩ። ስለዚህች ሳሙና እስከ ዛሬ ለአንቺ ለልብ ጓደኛዬ እንኳ አለመንገሬ ገረመኝ።

ያኔ የአርክቴክቸር ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ቤታችን ቡልጋሪያ፣ ከጋራዦቹ ጀርባ ነው። ከተማውን በእግሬ የማላካልልበት ቀን አልነበረም። ለገሃር ባቡር ጣቢያው ፊት ቆሜ መስኮቶቹን ስቆጥር ታክሲ ያመልጠኛል። መስቀል አደባባይ ማልደው የሚሮጡት ሰዎች ደረጃውን ሲወጡና ሲወርዱ፣ እኔ ቁጢጥ ብዬ የደረጃውን ከፍታ በስንዝሬ እለካለሁ። አንዱ ሯጭ ቆም ብሎ "እህት፣ ምን ጠፋብሽ?" ብሎ አብሮኝ ሊፈልግ ጎንበስ ያለበት ቀን አለ። እናቴ "ይቺ ልጅ አንድ ቀን ግድግዳ ላይ አፍጥጣ መኪና ይበላታል" ትል ነበር። የሰው ፊት ቶሎ እረሳለሁ፣ የቤት ፊት ግን አልረሳም ነበር። በዚህም እኮራ ነበር፣ አልዋሽሽም።

አስተማሪያችን አጠር ያሉ ሰው ነበሩ፤ ክረምት ከበጋ ጥቁር ጃንጥላ አይለያቸውም። በመጀመሪያው ሴሚስተር የሳልኩትን ቤት በጃንጥላቸው ጫፍ እየነኩ፣ "ግድግዳው አለ፣ መስኮቱ አለ። ሰዎቹ የት ሄዱ?" አሉኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። በዚያ ሴሚስተር ለጥቂት ነው ከመውደቅ የተረፍኩት። የሁለተኛውም ከተበላሸ ከትምህርት ክፍሉ እንደምወጣ በግልጽ ተነገረኝ። ለአባቴ አልነገርኩትም። እሱ ለጋራዥ ጓደኞቹ "ልጄ ቤት ልትሠራላችሁ ነው" ማለት ከጀመረ ቆይቶ ነበር።

የሁለተኛው ሴሚስተር ሥራ ሰው የሚኖርበትን አንድ ተራ ቤት ለክቶ መሳል፣ ከዚያም በቤቱ ላይ አንድ ነገር ብቻ ማሻሻል ነበር። እኔ የመረጥኩት ካዛንቺስ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ከአንድ ሉካንዳ ቤት ጀርባ ያለ፣ ባለ እንጨት በረንዳ አሮጌ ቤት ነው። ድሮ ለአንድ ሀብታም የተሠራ ነው ይባላል፤ በኋላ ቀበሌ ለአራት ቤተሰብ አካፈለው። የፊተኞቹ ሁለት ክፍሎች አንድ ሰፊ ሳሎን የነበሩ ሲሆን፣ መሀላቸው በችፑድ ተከፍሎ በአንደኛው ጡረታ የወጡ ቴሌፎኒስት፣ በሌላኛው ከወሎ የመጡ ልብስ ሰፊ ይኖሩ ነበር። ሁለቱም ብቻቸውን ናቸው። የሳሎኑ ኮርኒስ መሀል ላይ ከእንጨት የተፈለፈለ ትልቅ አበባ ነበረ፤ ግማሹ አበባ ለሴትዮዋ፣ ግማሹ ለሰውዬው ደርሷል።

አምፖሉ የሚንጠለጠለው ከዚያ አበባ እምብርት ላይ ነበር። ክፍልፋዩን የሠራው ሰው አምፖሉ ጋ ሲደርስ፣ ችፑዱን ቆርጦ መስኮት የምታክል ክፍተት ትቶለት አለፈ። እንዲህ ሆኖ አንድ አምፖል ለሁለት ቤት እያበራ ሃያ ዓመት ገደማ ኖረ። ማብሪያ ማጥፊያው ያለው በቴሌፎኒስቷ በኩል ነው። ልብስ ሰፊው መብራት ሲያስፈልጋቸው በመቀሳቸው እጀታ ችፑዱን አንዴ ይመታሉ፤ ይበራላቸዋል። ስፌታቸውን ሲጨርሱ ሁለቴ ይመታሉ፤ "ጨርሻለሁ፣ ደህና ይደሩ" ማለታቸው ነው። ቴሌፎኒስቷም በቀለበታቸው ሁለቴ መልሰው ያጠፋሉ። በክፍተቱ መነጋገር ይችሉ ነበር እኮ! ልብስ ሰፊው ግን ወንድ ወደ ሴት ጓዳ ድምፅ መልቀቁ ነውር ነው ባይ ነበሩ።

እኔ ይህን ሁሉ አይቼ ምን ብዬ እንደጻፍኩ ታውቂያለሽ? "ችግር አንድ፦ የብርሃንና የድምፅ ነፃነት የለም።"

ጥናት ነው ተብሎ፣ ወረቀት ይዤ ሁለቱንም ለየብቻ ጠየቅኳቸው። ግድግዳው እስከ ኮርኒስ ቢደፈንና ለየራሳቸው አምፖል ቢኖራቸው ምን ይላሉ? ቴሌፎኒስቷ ሹራባቸውን እያስተካከሉ፣ "ለእኔስ ግድ የለኝም ልጄ። ለእሱ ነው የሚሻለው። እኔ እንቅልፌ የመጣ እየመሰለው ይጣደፋል፣ ምስኪን" አሉኝ። ልብስ ሰፊው ደግሞ መርፌ ከከንፈራቸው አውጥተው፣ "እኔ ለምጄዋለሁ፣ ወላሂ። ለእትዬ ግን ጥሩ ነው። የዚች የስፌት መኪና ጩኸት እኮ ጆሯቸውን በላው" አሉ። እኔ ወረቀቴ ላይ የጻፍኩት "ሁለቱም ተስማምተዋል" የሚል ነው። ሁለቱም ለራሳቸው እንዳልፈለጉት በአፋቸው እየነገሩኝ፣ ጆሮዬ አልሰማም።

በዚያው ሰሞን ችፑዱን ምስጥ ጨርሶት ወደ አንድ ጎን ያዘነብል ጀመር። ቀበሌው ፕላን ካመጡ እድሳት እንደሚፈቅድ ተናገረ። እኔ እያለሁ ፕላን ከየት ሊመጣ ነው? የተማርኩትን ሁሉ አፈሰስኩበት። ግድግዳው ከወለል እስከ ኮርኒስ ድርብ ችፑድ፣ መሀሉ ደግሞ ድምፅ እንዳያሳልፍ በሰጋቱራ የታጨቀ፣ በየክፍሉ አንድ አምፖል፣ በየክፍሉ አንድ ማብሪያ። ፕላኔ ላይ ክብ ማህተም ሲያርፍበት ልቤ በአፌ ልትወጣ ደረሰች። ማህተም ያረፈበት የመጀመሪያ ሥራዬ ነበር። አናጢው ግድግዳውን እየሠራ ሳለ ልብስ ሰፊው ቀስ ብለው፣ "ትንሽ ቀዳዳ ብንተውለትስ?" ብለው ነበር አሉ። አናጢው "ጋሼ፣ ማህተም ያለበትን አልነካም" አላቸው። ይህን የሰማሁት በኋላ ነው።

ከክፍላችን ሥራ ከወረቀት ወጥቶ የተሠራው የእኔ ብቻ ስለነበር፣ አስተማሪያችን ነጥብ ከመስጠታቸው በፊት ቦታው ድረስ ሄጄ አያለሁ አሉ። የሄድነው በአንድ የሰኔ ከሰዓት በኋላ ነው። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር፣ በረንዳው የረጠበ እንጨት ይሸታል፣ ሰማዩ ስለጠቆረ በየቤቱ መብራት ቀድሞ በርቷል። እኔ ከፊት ከፊት እየሄድኩ ስለ ድምፅ አስረዳለሁ፣ አስተማሪው ከኋላዬ ጃንጥላቸውን እያራገፉ ይከተሉኛል።

ቴሌፎኒስቷ ነጠላቸውን ለብሰው በር ላይ ተቀበሉን። ልብስ ሰፊውም መጥተው አጠገባቸው ቆሙ። ሁለቱም ፈገግ ይላሉ። እኔ ግድግዳዬን እየደባበስኩ "ድርብ ነው፣ ጋሼ" እላለሁ። አስተማሪው ግን ዓይናቸው ወደ ላይ ነው። ከግድግዳው በጣም ከፍ ብሎ፣ መሰላል ካልተቆመ የማይነበብበት ቦታ ላይ፣ አንድ የባንክ ካላንደር ተሰቅሏል። ቀና ብዬ አየሁ። ካላንደሩ ከኋላው በርቶ ነበር። ቀኖቹና በዓላቱ ሁሉ በብርሃን ይታያሉ። ወዲያው ከሥሩ አልጋ ልብሱ ላይ የፈሰሰውን ሰጋቱራ አየሁ፤ ተጠርጎ ተጠርጎ ያላለቀ።

አስተማሪው በጃንጥላቸው ጫፍ ካላንደሩን ገለጥ አደረጉት። ቀዳዳ። ከመሀሉ መልሰው ያንጠለጠሉት ያ የድሮው አምፖል ወለል ብሎ ወጣ።

"ይሄን ማን ነው ያሰበው?" አሉ።

ልብስ ሰፊው ሳያመነቱ "እሷ ናት! ልጅቷ ናት" አሉ። "ኋላ እንቆርጠዋለን ብላ ነግራን ነበር።"

ቴሌፎኒስቷም ቀበል አድርገው "አዎ፣ አዎ፣ እሷው ናት። ጎበዝ ልጅ ናት" አሉ፤ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው እየሳቡ። በሕይወታቸው ዋሽተው የሚያውቁ አይመስለኝም፤ አልቻሉበትም።

ዝም ብል አለፍኩ ማለት ነው። አባቴም አያፍርም፣ እኔም ክፍሌ ውስጥ እቆያለሁ። ግን ሁለቱ ሰዎች የእኔ ክብር እንዳይነካ ብለው ካላንደር ሰቅለው፣ ሰጋቱራ ጠርገው፣ አሁን ደግሞ አስተማሪ ፊት ሲዋሹልኝ ሳይ አላስቻለኝም። "አይደለሁም" አልኩ። "እኔ የደፈንኩት ነኝ። የቆረጡት እነሱ ናቸው።" ከዚያ አለቀስኩ፣ ምን ትያለሽ!

"አብሽሪ፣ አብሽሪ፣ ምን ሆነሻል!" አሉ ልብስ ሰፊው። "ግድግዳሽ እንኳን ምንም አልጎደለውም። ጥሩ ነው፤ ማለቴ፣ በጣም ጥሩ ስለሆነ ነው። የእትዬ ሳል እንኳን አልሰማ አለኝ። ሳምንት ሙሉ ታመው ተኝተው ነበር፣ እኔ አላወቅኩም። ወንድም ነኝ እያልኩ!"

"እሱም እኮ" አሉ ቴሌፎኒስቷ፣ "ሳይበላ እንደሚያድር በምን ልወቅ? መኪናው ለራት ሲቆም ነበር የማውቀው።"

ያኔ ነው ተያይተው ሁለቱም ግድግዳውን የተቀበሉት አንዱ ለሌላው ብሎ እንደሆነ የገባቸው። ቴሌፎኒስቷ "አንተ ነህ የፈለግከው ብዬ እኮ ነው!" ሲሉ፣ ልብስ ሰፊው እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። አስተማሪው ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ጃንጥላቸውን ተደግፈው ሳቁ።

ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞረው "ለኪው" አሉኝ። "ለክተሽ ሳዪው። አስረክቢኝ የምልሽ እሱን ነው።"

ወንበር ላይ ወጣሁ። ቀዳዳው ከካላንደሩ በየጎኑ ሁለት ጣት ያንሳል። ልብስ ሰፊው መጀመሪያ ካላንደሩን ለክተው፣ ለመሸፈኛ የሚተርፈውን ልክ እንደ ልብስ ስፌት ትተው ነው የቆረጡት። ዳር ዳሩን ሰጋቱራው እንዳይፈስ በካኪ ጨርቅ ዘምዝመውታል፤ አንድ ጥግ ላይ ግን ጨርቁ አልበቃቸውም። እርሳሴ ችፑዱ ላይ አልታይ ሲለኝ፣ ከሰደርያቸው ኪስ ጨርቅ የሚያሰምሩባትን ያቺን ሳሙና አውጥተው "በዚህ አስምሪ፣ እኔም በሷ ነው ያሰመርኩት" አሉኝ። ነጭ መስመር ወጣላት። እንቁላል እንደሚይዝ ሰው ነበር የያዝኳት።

በኋላ የሳልኩት ሥዕል ላይ አምፖሉ መሀል ነው። በአንድ በኩል አንዲት ሴት ጉንጫቸውን ደግፈው ይቀመጣሉ፣ በሌላ በኩል አንድ ሰው መኪናቸው ላይ አጎንብሰዋል። ሰው ስስል የመጀመሪያዬ ስለነበር የልብስ ሰፊው አንድ እጅ ከሌላው ይረዝማል። አለፍኩ። አባቴም ሳያውቅ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ስንት ሥራ ሠርቻለሁ፤ መስታወት የለበሱትንም፣ ሊፍት ያላቸውንም። ያቺን ቀዳዳ የሚያህል የሠራሁ ግን አይመስለኝም። ከቢሮዬ መስኮት ሆኜ ካዛንቺስን ሳይ ቤቱ የነበረበትን ቦታ በጣቴ ማሳየት እችላለሁ፤ አሁን የመኪና ማቆሚያ መግቢያ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አካባቢው ሲነሳ ልብስ ሰፊው ደሴ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። ልሸኛቸው ስሄድ ሳሙናዋን ልመልስ አወጣኋት። "ያቺማ አልቃለች" አሉኝ እየሳቁ፣ "ለሽታ ያዢያት።" ቴሌፎኒስቷ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ደረሳቸው። ዕቃቸውን ያስገባንላቸው ቀን ወደ ማታ ላይ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ሲይዝ፣ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

"ልጄ፣ ይሄ ይቆረጣል?"

"ብሎኬት ነው እትዬ። ደግሞ ከኋላው ቤት የለም፣ ደረጃው ነው።"

ትንሽ አሰቡና "እህ። ሰው ያልፍበታላ" አሉ። ደስ ያላቸው መሰለኝ።

ተሰናብቼ በሩን ዘጋሁና ደረጃውን መውረድ ጀመርኩ። አዲስ ስሚንቶና ቀለም ይሸታል። ግማሽ ላይ ስደርስ ከግድግዳው ውስጥ፣ ከሩቅ የሚመጣ በሚመስል ድምፅ፣ ቀለበት ሁለቴ መታ። ቆምኩ። ቦርሳዬን ወደ ግራ እጄ አዛወርኩና በጣቴ አንጓ ሁለቴ መለስኩላቸው።